አደዩን እንዳለ

እናንተዬ፣ መስከረም በጠባ ቁጥር ስልካችን ላይ የሚዘንበውን ቢጫ አይታችሁልኛል? ሣሩ እንደ ፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ሰማዩ እንደ ልብስ ሳሙና፣ አደዩ ደግሞ እንደ አዲስ ጀሪካን ያበራል። "ዋው!" እንላለን፣ ልብ እንሰጣለን፣ እናልፋለን። እኔ ግን ፎቶ ማንሳት አመል ሆኖብኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንሺውን ካወቅሁት ደውዬ "ለመሆኑ የአንተ አበባ ጅማት የለውም እንዴ?" እለዋለሁ። ይስቃል። ቀልድ ይመስለዋል።

ቀልድ አይደለም። አደይን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት እያንዳንዱ የአበባ ቅጠል ላይ ከመሃል ወደ ጫፍ የሚሮጡ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ፎቶው ላይ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ለምን መሰላችሁ? ስክሪን ለብቻው ቢጫ ብርሃን የለውም፤ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ደምሮ ነው ቢጫ የሚያሳየን። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ አበባው ሲያንጸባርቅ ቀዩ ቀድሞ ይሞላል፣ ይፈሳል። ከዚያ ወዲያ ያላችሁ አበባ ሳይሆን ቢጫ ቀለም የተደፋበት ቦታ ነው። "በኋላ በኤዲቲንግ አስተካክለዋለሁ" የሚባለው ደግሞ እዚህ ላይ አይሠራም። ካሜራው ያልያዘውን ከየት ታመጡታላችሁ?

ስለዚህ ስታነሱ ጨለም አድርጉት። በስልክ ከሆነ አበባው ላይ ጣታችሁን አሳርፉና አጠገቡ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት፣ መስመሮቹ እስኪታዩ ድረስ ወደ ታች ጎትቷት። ሣሩ ይጠቁርባችኋል፤ ግድ የለም። የጠቆረ ሣር በኋላ ይነሳል፣ የፈሰሰ ቢጫ ግን አይታፈስም። ካሜራ ያላችሁ ደግሞ በ"ሮው" አንሱ፤ ፋይሉ ቢከብድም ለማስተካከል ሰፊ ቦታ ይሰጣችኋል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ሰማዩ ከጠራ ፀሐዩ ቶሎ ይከርራል። እኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል አነሳና ካሜራዬን ሰብስቤ ሻይ ፍለጋ እሄዳለሁ። ሱሪያችሁ ጤዛ ይጠጣል፤ ጉልበታችሁ ካልረጠበ ግን አደዩን ቁልቁል ያየ አላፊ መንገደኛ ሆናችሁ ማለት ነው። ተንበርከኩ፣ አበባውን ከጎኑ እዩት፣ ከበስተጀርባው ጥላ ፈልጉለት። እግረ መንገዳችሁን መስኩ የሰው መሆኑን አትርሱ፤ ባለቤቱን ሰላም በሉ፣ እህል ላይ አትቁሙ።

አንዳንዱ ደግሞ "አደይ አነሳሁ" ብሎ የሚያሳየኝ መጭ ይሆናል። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም በጥቢ ይፈነዳሉ። ግንዱ ላይ ያለውን አረንጓዴ ቅጠል ተመልከቱ፦ የአደይ የተሰነጣጠቀ ነው፣ የመጭ ያልተከፈለና ሸካራ። የመጭ ፎቶ አያምርም አላልኩም። ስሙን አትቀሙት ነው የምለው።

ከቦርሳዬ የማይጠፋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ነጠላ ነው። ፀሐዩ ሲከርር ጓደኛዬ ከአበባው በላይ ዘርግቶ ይይዝልኛል፤ ብርሃኑ በሸማው ተጣርቶ ሲወርድ ለስለስ ይላል። ሁለተኛ ጥቅም አለው። ስልክ መስኩ ሁሉ ቢጫ ሲሆንበት "ይሄ ነገር በዝቷል" ብሎ ራሱ ማቀዝቀዝ ይጀምራል፤ አደዩ ወደ ሎሚ ያደላል። ስለዚህ መጀመሪያ ነጠላው ያለበት አንድ ፎቶ አነሳለሁ። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስተካክል ነጠላው ነጭ እስኪሆን ድረስ ቀለሙን አሞቃለሁ፣ ያንኑ ልክ ለሌሎቹ እሰጣለሁ። "ሳቹሬሽን" የሚባለውን አልነካውም። አደይ ቢጫ እንዲሆን የማንንም እርዳታ አይፈልግም።

እስከዚህ ያለው የሙያ ነገር ነው። የሚያጨቃጭቀው ማጥፋት ላይ ነው። በፊልም ጊዜ 36 ፎቶ ይዘን ወጥተን፣ የወደቀ ፌስታል ካለ በእጃችን አንስተን ነበር የምናነሳው። ዛሬ ስልኩ ፌስታሉን ብቻ ሳይሆን ላሟንም፣ እረኛውንም፣ የመብራት ምሰሶውንም በጣት ነክቶ ያጠፋል፤ ባዶውን ቦታ ደግሞ ራሱ በአደይ ይሞላዋል። ለሠርግ ካርድ ከሆነ እኔም ምሰሶ አጥፍቼ አውቃለሁ። ሙሽራዋ ምሰሶ ልታይ አይደለም የምትከፍለኝ።

አንዲት አብሮ አደጌ አለች። ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ሰባት ዓመት ሞላት። ባለፈው መስከረም "ከእናቴ ቤት በታች ያለውን መስክ አንሳልኝ፤ አደዩን እንዳለ አሳየኝ" ብላ መልእክት ላከችልኝ። ከሱሉልታ አለፍ ይላል። ወንድሟን ይዤ ሄድኩ። አደዩ ነበር፣ አልቀረም። መስኩን ለሁለት ከፍሎ ግን አዲስ የቆርቆሮ አጥር ቆሟል።

ወንድምየው ትከሻዬን ያዝ አድርጎ "ወንድሜ፣ እሷ እንደሆነ ሆደ ባሻ ናት። ቆርቆሮውን አጥፋው በቃ" አለኝ።

ማታ ሞከርኩት። ስልኩ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ያማረ ነበር፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ። ያጠራቀመችውን ይዛ መጥታ እዚያች መሬት ላይ ከእናቷ ቤት አጠገብ ለመሥራት የምታስብ ልጅ ናት። በዚህ ፎቶ ላይ ቤት ልትሠራ ነው ማለት ነው። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። የሰው ቤተሰብ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ እሷ የላከችኝ ዓይኗ እንድሆን ነው እላለሁ።

ጠዋት ወንድምየው ዘንድ ደወልኩ። "የማጠፋው ነገር የለም። እስከ ማታ አልልክም፤ አንተው ቀድመህ ንገራት" አልኩት።

"አንተ ፎቶ አንሺ ነህ ወይስ ዳኛ?" ብሎ ዘጋው። እስከ ዛሬ ሰላም አንባባልም።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ሁለት ፎቶ ላክሁላት። አንዱ መስኩ ከነቆርቆሮው፣ ሌላው ጅማቱ የሚቆጠር አንድ አደይ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ ጨምቆ ያበላሸዋል። እሷ ደግሞ አስፍታ እንድታየው ነበር የፈለግሁት።

አየችው፤ ሁለተኛዋ ምልክት መጣች። መልስ ግን የለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ድምፅ ላከች። ከበስተኋላዋ ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ ዕቃ እያጠበች ይመስለኛል። አላለቀሰችም፣ የወንድሟን ስምም አላነሳችም። "አደዩ ቆንጆ ነው። ከምንጩ እስከ ቆርቆሮው ስንት እርምጃ ይሆናል? በምንጩ በኩል ሆነህም አንሳልኝ" አለች።

በሚቀጥለው እሁድ ሄጄ ለካሁት፤ 62 እርምጃ። አደዩ መርገፍ ጀምሮ ነበር። እንደዚያው አንስቼ ላክሁላት።