በዳቮስ ተራራ ስለሚወርደው በረዶና አስቀድሞ ስለሚታወቅበት መንገድ

በአገራችን ክረምት ሲባል ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብና የጭቃ ወራት ነው፤ የኤውሮፓ ሰዎች ግን ክረምት የሚሉት እኛ በጋ በምንለው ጊዜ የሚሆነውን የብርድ ወራት ነው። በረዶውም እንደ እኛ አገር ጠጠር ሆኖ ጣራ የሚደበድብ ሳይሆን፥ አባቶቻችን አመዳይ የሚሉት፥ እንደ ተባዘተ ጥጥ እየበነነ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርደው ነው።

በስዊስ አገር በምሥራቅ በኩል የምትገኘው የዳቮስ ከተማ በዚህ በረዶ የታወቀች ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,560 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተሠራች ስትሆን፥ የአዲስ አበባን ከፍታ እንኳ አትደርስም፤ ከምድር ወገብ እጅግ ስለ ራቀች ግን ብርዷ ሌላ ነው። ቀድሞ የሳምባ ነቀርሳ ሕሙማን ንጹሕ አየር ፍለጋ ይሄዱባት ነበር። ዛሬ በክረምት ሕዝብ የሚጐርፍባት፥ ረዥም ቀጭን ጣውላ ከእግር ጋራ አስሮ ቁልቁል ለመንሸራተት ነው፤ ይህንንም ጨዋታ ስኪ ይሉታል።

ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ቤተ ሰብ ኹሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፥ «ዘንድሮ በረዶው ይበዛ ይሆን?» ብሎ ነው። የአየር ጠባይ ሊቃውንት የጥቂት ቀኖቹን ነገር በደኅና ይናገራሉ፤ የወራቱን ግን «ከወትሮው ይሞቅ ይሆናል፥ ወይም ይበርድ ይሆናል» ከማለት አያልፉም። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ እርጥበት ይዞ የመጣ እንደ ሆነ ተራራው አመዳይ ይለብሳል፤ ከደቡብ ተነሥቶ ተራራውን ተሻግሮ የሚወርደው፥ ፎን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ግን እየወረደ ስለሚሞቅ በረዶውን ያሳሳዋል። የዓለም ሙቀትም እየጨመረ ስለ ሄደ፥ በዝቅተኛው ስፍራ ቀድሞ በረዶ ይሆን የነበረው አሁን ብዙ ጊዜ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል፤ የጐደለውንም በብርድ ሌሊት ውሃ በመኪና እየረጩ ይሞሉታል።

እኛ ግን ከመጠኑ ይልቅ አተኛኘቱን መጠየቅ ይሻላል እንላለን። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1950 መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ በነበረው ክረምት በረዶው ያለ ልክ ወርዶ፥ በስዊስ አገር 98 ሰዎች በናዳ ሞተዋል። ከዳቮስ በላይ ባለው በቫይስፍሉዮኅ ተራራ ከ1936 ጀምሮ ሊቃውንት ይህን ነገር ይመረምራሉ። በረዶውን ቈፍረው ንጣፉን በየተራ ያያሉ፤ የታችኛው እንደ ስኳር የላላ፥ የላይኛውም ነፋስ የከመረው ሲሆን፥ የአንድ ሰው ክብደት እንኳ ኹሉን ሊያንሸራትተው ይችላል። ያገኙትንም በየቀኑ ማታ፥ በእኛ አቈጣጠር በ11 ሰዓት፥ ከ1 እስከ 5 በሚደርስ የአደጋ ደረጃ ያስታውቃሉ።

አንባቢው 5ኛውን ደረጃ ይፈራ ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሞተው በ3ኛው ቀን ነው። በ5ኛው ቀን ኹሉም በቤቱ ይቀመጣል፤ በ3ኛው ግን ሰማዩ ጠርቶ፥ አዲሱ በረዶ አብርቶ ሲያዩት ልብን ይስባልና፥ ጐልማሶች ከተከለለው መንገድ ይወጣሉ። ከሚሞቱትም የሚበዙት ናዳውን ራሳቸው ወይም ጓደኞቻቸው የቀሰቀሱት ናቸው። የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ተስፋው እጅግ ይመነምናል።

ስለዚህ ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው የማታውን ማስታወቂያ ሳያነብ አይተኛ፤ ጠዋትም በምልክት ከተከለለው መንገድ አይውጣ። ምልክቱም ሰማያዊው ለጀማሪ፥ ቀዩ ለመካከለኛ፥ ጥቁሩ ለብርቱ ነው።