ጭድ የሌለው ጭቃ

ጅዳ ውስጥ ቤት ያጸዳ ሰው አሸዋን ያውቀዋል። መስኮት ተዘግቶም ይገባል፤ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ማታ ጣት ቢያርፍበት ምልክት ያወጣል። በዚያች ከተማ ስንት የሀገሬ ሴቶች ከዚህ አሸዋ ጋር ሲታገሉ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል! ለዚህ ይሆናል የጅዳ ተወላጇ ሠዓሊ ዳና አዋርታኒ እ.ኤ.አ. በ2017 የሠራችውን ሳይ፣ ከውበቱ በፊት ድካሙ የሚታየኝ። በአንድ የተተወ አሮጌ ቤት ወለል ላይ ቀለም የገባ አሸዋ በትዕግሥት እየነሰነሰች፣ የድሮ የወለል ንጣፍ የመሰለ ጥለት አወጣች። ከዚያ መጥረጊያ አንስታ ጠረገችው። ሥራው ሲጠረግ የሚያሳየው ቪዲዮ ነው እንግዲህ በየአዳራሹ የሚታየው። በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ብታየው ስለ ጥለቱ ቀድማ የምትናገር አይመስለኝም፤ ዓይኗ የሚከተለው የመጥረጊያውን አያያዝ ነው።

ድሮም የጅዳ ሰው ከእግሩ ሥር ባገኘው ነገር ነው የሠራው። አል በለድ በሚባለው አሮጌ ሰፈር የነጋዴዎቹ ቤቶች የቆሙት ከቀይ ባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው፤ በድንጋዩ መሐል አግድም እንጨት ገብቶበታል፤ ፊት ለፊታቸው ሮሻን የሚሉት ባለ ፍርግርግ የእንጨት መስኮት ወጣ ብሎ ይታያል። ዩኔስኮ ሰፈሩን በ2014 መዝግቦታል። ልስኑ በረገፈበት ግድግዳ ላይ የባሕሩ ፍጥረት ቅርጽ አሁንም ይለያል።

ይህችው አዋርታኒ በ2021 ደግሞ በሶርያ ጦርነት የተጎዳውን የሐለብ (አሌፖ) ታላቅ መስጊድ ግቢ ወለል በጭቃ ጡብ አስመስላ ሠራች። ጭቃው ጭድ የለውም። ሆን ብላ ነው የተወችው፤ ሲደርቅ እንዲሰነጠቅ። እኛ ሀገር ጭድ የረሳ ጭቃ መራጊ የቀን ሒሳቡን ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። ጭቃው ከጭዱ ጋር ይረገጣል፣ ይቦካል፣ ይሰነብታል፤ ከዚያ ነው ግድግዳ የሚነካው። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2019 መካኒሳ የከፈቱት ዞማ ሙዚየምም በዚሁ በጭቃና በጭድ የቆመ ነው። እነሱ እንዲጸና፣ እሷ እንዲሰነጠቅ። ለተጎዳ መስጊድ ማስታወሻ የሚሆን ወለል ጸንቶ ቢቀር ኖሮ ግን እኔም ቅር ይለኝ ነበር።

መካ ከተማን በጥቂት ነገር ያሳየ ሰው እንደ ሳዑዲው ሠዓሊ አህመድ ማተር አላየሁም። የሠለጠነው በሕክምና ነው። «ማግኔቲዝም» በሚለው ሥራው መሐል ላይ ጥቁር ኩብ ማግኔት ተቀምጧል፤ ዙሪያውን የብረት ብናኝ ተሰብስቦ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ክብ ሠርቷል። ካዕባንና ዙሪያውን እየዞረ ጠዋፍ የሚያደርገውን ሕዝብ ለማወቅ አስረጂ አያሻም። ብሪቲሽ ሙዚየም በ2012 ስለ ሐጅ ባዘጋጀው ዐውደ ርዕይ ላይ ለንደኖችም አይተውታል። ብናኙ በየብየዳ ቤቱ ወለል ተጠርጎ የሚጣለው ነው፤ እንደገና መጥረጊያ!

(ከንቲባው መሐመድ ሰዒድ ፋርሲ በ1970ዎቹና 80ዎቹ የጅዳን አደባባዮች በሐውልት ሲሞሉ፣ ሁሊዮ ላፉዌንቴ የተባለው የስፔን አርክቴክት እውነተኛ መኪኖችን ኮንክሪት ውስጥ ቀርቅሮ አቁሞላቸዋል። የጅዳን አነዳድ ላየ ሰው ሐውልቱ ከትራፊክ ምልክት አይተናነስም።)

ከሁሉም ለእኛ ሰው የሚቀርበው ግን በጅዳ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው የዛህራ አልጋምዲ ሥራ ነው። በ2020 በአል ዑላ በረሃ ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ የቴምር ጣሳ አሸዋው ላይ ደርድራ እንደ ወንዝ አስተኛችው። ባዶ ጣሳ እኛ ዘንድ ሥራ አይፈታም፤ ጤና አዳም ይተከልበታል፣ ገብስ ይሰፈርበታል፣ ሲያረጅ ምናለሽ ተራ ይወርዳል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜም ለሥራው የኮምፒዩተር ሽቦ የሚሸምተው ከመርካቶ ስለሆነ፣ ሠዓሊ ደንበኛ ለቆራሌው አዲሱ አይደለም። ያን የጣሳ ወንዝ ቢያሳዩት ትርጉሙን አይጠይቅም። ዙሪያውን ይዞራል፣ አንዱን በጣቱ ያንኳኳል፣ ከዚያ «ኤግዚቢሽኑ መቼ ነው የሚያልቀው?» ይላል።