ማርክ ወደ ሊሬ ስንመነዝር

ዛሬ ከፍራንክፈርት ተነስቶ ሮም የሚገባ ሰው ገንዘብ መለወጥ የሚባል ጣጣ አያውቅም። ዩሮውን ይዞ ይሄዳል፣ ዩሮውን ይዞ ይመለሳል፤ እሱንም ካልያዘ ስልኩን ያስነካል። እኛ ያንኑ መንገድ በባቡር ስንሄድ ሦስት ዓይነት ገንዘብ እንይዝ ነበር። ከቤት የተነሳንበት ማርክ አለ፤ ለመንገድ ውኃና ዳቦ የሚሆን የስዊስ ፍራንክ ወይም የኦስትሪያ ሺሊንግ አለ፤ አልፕስን ስንሻገር ደግሞ ሊሬ ይመጣል። የማወራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ 1980ዎቹ መጨረሻና ስለ 1990ዎቹ ነው።

ጀርመን የምንኖር ሐበሾች በዚያን ጊዜ ዕረፍት ስንል አብዛኛውን ጊዜ ጣሊያን ማለታችን ነበር። ባሕሩና ፀሐዩ አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን ሮም ውስጥ፣ በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ፣ የሚያሳድር ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ አለመጥፋቱ ነው። ለሆቴል ያልወጣ ገንዘብ ዕረፍቱን ያስረዝማል።

ሂሳቡ የሚጀመረው ገና ከፋሲካ በፊት ነበር። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ደብተር ይዘረጋል፤ ከሁሉ በላይ የሚጻፈው ቁጥር ለአገር ቤት የሚላከው ነው። እናት አለች፣ ትምህርት ቤት ያለ ታናሽ ወንድም አለ፣ ሳይታሰብ የሚመጣ የሕክምና ወጪም አለ። እሱ ከተነሳ በኋላ የቤት ኪራይ፣ ከኪራዩ በኋላ ወርኃዊ አስቤዛ፤ ጥቂት ከተረፈች እሷ ናት ለዕረፍት የምትጠራቀመው። ለዚህ ነው በእኛ ዘንድ የዕረፍት ገንዘብ ሁልጊዜ ትንሽ ሀፍረት የተቀላቀለበት የነበረው። ሮም የተነሳነውን ፎቶ አዲስ አበባ ስንልክ እንኳ ከጀርባችን ውድ የሚመስል ነገር ያለበትን ለይተን እናስቀር ነበር።

ያን ሁሉ በላብ የተጠራቀመ ገንዘብ ጥሬውን በኪስ ይዞ መንቀሳቀስ አይታሰብም፤ የተርሚኒ ኪስ አውላቂዎች ዝና ፍራንክፈርት ድረስ ይሰማል። ጀርመኖቹ ዩሮቼክ ነበራቸው። ባንካቸው የቼክ ደብተርና ካርድ ይሰጣቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ቼክ እስከ 400 ማርክ ድረስ ባንኩ ዋስ ስለሚሆን፣ በሊሬ ይጻፍ በፔሴታ ባለሱቁ ሳያንገራግር ይቀበላል። አዲስ መጤ ስደተኛን ግን ባንክ እንዲህ በቀላሉ አያምንም። የእኛ ድርሻ ትራቭለርስ ቼክ ነበር።

ይህን ቼክ አሜሪካን ኤክስፕረስ ያወጣው በ1891 ነው። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ፋርጎ አውሮፓን ሲዞሩ የያዙትን የባንክ ደብዳቤ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ የሚቀበላቸው አጥተው ተናደው ተመለሱ፤ ማርሴለስ ቤሪ የሚባለው ሠራተኛቸውም መላ እንዲፈልግ ታዘዘ ይባላል። ቤሪ ያመጣው መላ ሁለት ፊርማ ነው። አንዱን ስትገዛ ትፈርማለህ፣ ሁለተኛውን ስትመነዝር፣ ገንዘብ ከፋዩ ዓይኑን ተክሎብህ። ሁለቱ ከገጠሙ ገንዘቡ ያንተ ነው። ስንገዛ ከመቶ አንድ ያህል እንከፍላለን፤ የቼኮቹ ቁጥር የሰፈረበትን ደረሰኝ ደግሞ ከቼኮቹ ለይተን ሌላ ሻንጣ ውስጥ እንከታለን። ቼኩ ቢሰረቅ ደረሰኙን ይዞ መሄድ ነው፣ ይተካል። ጥሬ ገንዘብ የተሰረቀበትን ግን ማንም አይተካለትም።

ጓደኛዬ የሚፈርመው በእኛው ፊደል ነበር። አንድ ቀን ሮም ውስጥ አንድ ባንክ አብረን ገባን። መግባቱ ራሱ ሥራ ነው፤ የጣሊያን ባንክ በር አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ የመስተዋት ክፍል ነው። ከኋላህ ይዘጋል፣ መስተዋት ውስጥ ቆመህ ትጠብቃለህ፣ ቆይቶ ከፊትህ ይከፈታል። የቁልፍ እሽግ ወይም ሌላ ብረት ከያዝክ አይከፈትም፤ ተመልሰህ ውጭ ባለው ሳጥን ማስቀመጥ ነው። ውስጥ አንደኛው መስኮት ፓስፖርት አይቶ ፎርም ይሞላል፣ ገንዘቡን የሚሰጠው ሌላ መስኮት ነው፤ እዚያም ሌላ ሰልፍ አለ። ገንዘብ ከፋዩ የጓደኛዬን ቼክ ተቀብሎ የላይኛውን ፊርማ አየ፣ የታችኛውን አየ። ቼኩን ገለበጠው። አጠገቡ ያለችውን ሴትዮ ጠራት፤ እሷም ገለበጠችው። ጓደኛዬ ትዕግሥቱ አለቀና በሌላ ወረቀት ላይ እንደገና ፈረመላቸው። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርገው የ«ጠ»ን እግሮች አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ተሳሳቁና ከፈሉት። ያንን ፊርማ አስመስሎ የሚፈርም ሌባ ሮም ውስጥ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም።

ባንኮቹ የሚሠሩት ጠዋት ነው፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ይዘጋሉ፣ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቅ ይላሉ። ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት እስከ ሰኞ የሚበላው ተሰልቶ ይመነዘራል። ሁሉን የሚያስንቀው ግን ኦገስት 15 ነው፤ ፌራጎስቶ ይሉታል፣ የማርያም ዕርገት የሚከበርበት ቀን ነው፤ አገሩ ጠቅልሎ ወደ ባሕር ይወርዳል። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። በፌራጎስቶ ዕለት ግን ማርክ ብቻ የያዘ ሰው ሮም ውስጥ እስከ ዳቦ ቤት የሚያደርስ መንገድ አልነበረውም። ክፍት ሆኖ የሚገኘው የጣቢያው ምንዛሪ ቤት ነው፤ ሌላው መዘጋቱን ደግሞ እሱም ያውቃል።

የምንዛሪ ቤት ሰሌዳ ማንበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ሁለት ቁጥር አለው፤ እነሱ የሚገዙበትና የሚሸጡበት። ዓይን የሚማርከው ቁጥር ብዙ ጊዜ የእኛ አይደለም። «ኮሚሽን የለም» የሚል ከተለጠፈ ምንዛሪው ዝቅ ያለ ነው፤ ምንዛሪው ካማረ ከታች በደቃቅ ፊደል ኮሚሽኑ ተጽፏል። ተርሚኒ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት የነበራቸው አንዲት እናት ገና ሻንጣችንን ሳናወርድ የሚጠይቁን ይህንኑ ነበር።

«ብሩን የት ቀየራችሁ?»

«ትንሽ ብቻ ነው እማማ፣ እዚህ ጣቢያው ውስጥ።»

«እንግዲያው ምሳችሁን እዚያ በልታችኋላ! እዚህ ውኃ ጠጥታችሁ ሂዱ።»

ይህን እያሉ ሽሮውን ያቀርባሉ። ጠዋት ፒያሳ ዲ ስፓኛ ወዳለው አሜሪካን ኤክስፕረስ ቢሮ የሚልኩንም እሳቸው ነበሩ። ኩባንያው የራሱን ቼክ ያለ ኮሚሽን ይመነዝር ነበር። በዚያ ላይ ለተጓዥ የሚመጣ ደብዳቤ በስሙ ተቀብሎ ያስቀምጥለት ነበር፤ ሞባይል ባልነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሊሬ ዜሮ ብዛት የመጀመሪያውን ቀን ያሰክራል። ሺህ ማርክ የመነዘረ ሰው ሚሊዮን ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ሊሬ ይቆጠርለታል። ሺህ ሊሬዋ ላይ ማሪያ ሞንቴሶሪ፣ አሥር ሺሁ ላይ ቮልታ፣ መቶ ሺሁ ላይ ሠዓሊው ካራቫጆ ነበሩ። ካራቫጆን ይዞ ቡና ለመጠጣት የገባ ሰው በዓይን ይገረፋል፤ ዝርዝር የለማ! የስልክ ጄቶኔ፣ ማለትም የሕዝብ ስልክ ውስጥ የሚከተተው ቶክን፣ እንደ 200 ሊሬ ሆኖ መልስ ይሰጥበት ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ ሳንቲም ከመጥፋቱ የተነሳ ባለሱቆች ከረሜላ መልስ ይሰጡ እንደነበር የቆዩት ሰዎች ያጫውቱን ነበር።

ቡናውስ? ማኪያቶ አዲስ አበባ ለምዶ ያደገ ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚጠጣው። ሮም ግን ቁጭ ማለት ይሸጣል። መጀመሪያ ሂሳብ ተቀባዩ ጋ ትከፍላለህ፣ ደረሰኝህን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣለህ፣ ቆመህ ጠጥተህ ትወጣለህ። ወንበር ከሳብክ ዋጋው ሌላ ነው፤ ታዋቂ አደባባይ ላይ ከሆነ አለመጠየቁ ይሻላል። እኛ ቆመን ጠጣን። ሆኖም በየጉዞው አንድ ቀን፣ የአደባባዩን ፏፏቴ ፊት ለፊት እያየን፣ እንደ ሰው ተቀምጠን እንጠጣ ነበር፤ ደብተሩ ላይም የራሱ መስመር ነበረው፣ «ቁጭ» ተብሎ የተጻፈ። ከወጪዎች ሁሉ ከደብተሩ ጋር የማልከራከርበት እሱ ነበር። በየማታው የዕለቱ ደረሰኝ ተደምሮ ከቀረው ኖት ጋር ይመሳከራል፤ ከበጀት ያለፈው ከነገ ድርሻ ይቀነሳል፣ ነገ ፓስታው ያለ ሥጋ ይሆናል።

1992 ሁሉንም አደበላለቀው። እስከዚያ ድረስ ሊሬ በአውሮፓ የምንዛሪ ሥርዓት ውስጥ ታስሮ አንድ ማርክ 760 ሊሬ ገደማ ነበር። በሴፕቴምበር የገንዘብ ገበያው ተረባረበበትና ከሥርዓቱ ወጣ፤ የእንግሊዝ ፓውንድም በዚያው ሳምንት። በ1995 የፀደይ ወራት አንድ ማርክ ከ1,200 ሊሬ በላይ ያወጣ ነበር። ማርክ ለያዘ ጣሊያን ረከሰች፤ ተቀምጠን የምንጠጣበት ቀን በዛ። የሚያስተናግደን ሰው ግን የእኛ እርካሽ ፒዛ የማን ኪሳራ እንደሆነ አይደብቀንም ነበር፤ ወደ ጀርመን ለመሄድ ሲያስብ የነበረው የባቡር ቲኬት በእጁ ባለው ሊሬ ሲሰላ ርቆት ሄዷል። በዚያው በ1992 መኸር፣ በኦክቶበር፣ አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት 2.07 ለአንድ ዶላር ሆኖ የኖረው ብር 5 ሆነ። አንድ ማርክ በባንክ ከአንድ ብር ተኩል በታች የነበረው ከሦስት ብር በላይ ወጣ። የደብተራችን ሁለት መስመሮች፣ የላይኛውና የታችኛው፣ በሳምንታት ልዩነት ተለወጡ። የምንልከው ማርክ ቤት ሲደርስ በዛ፤ የሚመጡት ደብዳቤዎች ግን ኑሮ ተወደደ ማለታቸውን አላቆሙም።

የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር ስንሰማ ደግሞ የአገራችን ብቻ ይመስለን ነበር፤ በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው የመውጫ ቪዛው ሲገኝለት የሚፈቀድለትን ዶላር ይጠብቃል። የአውሮፓም ታሪክ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የእንግሊዝ መንግሥት በ1966 ለዕረፍት ወደ ውጭ የሚወጣ ዜጋው ከ50 ፓውንድ በላይ የውጭ ገንዘብ እንዳይገዛ ከልክሎ የተገዛውን ፓስፖርት ላይ ያስመዘግብ ነበር፤ የምንዛሪ ቁጥጥሩ ጨርሶ የተነሳው በ1979 ነው። የፕሬዚዳንት ሚተራን ፈረንሳይ በ1983 ለአንድ ሰው የዓመቱን የውጭ ዕረፍት ገንዘብ 2,000 ፍራንክ ብላ ወሰነች፤ ለዚህም ደብተር ታደለ፣ ውጭ አገር በክሬዲት ካርድ መዝናናትም ተከለከለ። ፈረንሳዮቹ ጮኹ፣ ዓመቱም ሳይሞላ ተነሳ።

ወደ እኛ ጉዞ እንመለስና፣ ባንክ የውጭ አገር ሳንቲም አይመነዝርም ነበር። የመጨረሻው ቀን ሥራ ስለዚህ ሳንቲም መጨረስ ነው፤ ለማይጻፍ ፖስት ካርድ፣ ለማይበላ ማስቲካ። ያም ሆኖ ይተርፋል፤ በየቤቱ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የአምስትና የስድስት አገር ሳንቲም ተከማችቶ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 በ12 አገሮች ዩሮ በእጅ ገባ። አንድ ዩሮ 1.95583 ማርክ፣ አንድ ዩሮ 1,936.27 ሊሬ፤ ሲካፈል አንድ ማርክ 990 ሊሬ፤ ቁጥሩ ከ1999 ጀምሮ ተቸንክሮ ነበር። ትራቭለርስ ቼኩም ኤቲኤም ሲስፋፋ ቀስ በቀስ ከመስኮቱ ጠፋ።

ያ ዘመን ርካሽ አልነበረም። ቼክ ስንገዛ ከፈልን፣ ስንመነዝር ከፈልን፣ የተረፈውን መልሰን ማርክ ስናደርግ እንደገና ከፈልን። ይህን ሁሉ ግን ሰሌዳ ላይ እያየን ነው የከፈልነው። የዛሬው ቀዳዳ አይታይም። ከዩሮ አገሮች ወጥታችሁ ዙሪክ ወይም ለንደን ስትከፍሉ ማሽኑ በትሕትና «በራስዎ ገንዘብ ይክፈሉ?» ይላችኋል። እምቢ በሉትና በአገሩ ገንዘብ ክፈሉ፤ በራሳችሁ ገንዘብ ሲያሰላላችሁ ምንዛሪውን የሚቆርጠው እሱ ነው፣ የተርሚኒው ምንዛሪ ቤት ልጅ ነው።

የብስኩት ቆርቆሮውንም አትጣሉት፣ ለዩት። ሊሬውን ለልጆች መጫወቻ ስጡ፤ የጣሊያን መንግሥት መቀየሩን ዲሴምበር 6 ቀን 2011 ዘግቷል። የፈረንሳይ ፍራንክ ኖት በ2012 ቀርቷል፣ ፔሴታ ጁን 30 ቀን 2021። ዩሮ ሲገባ ሥራ ላይ የነበረውን የኦስትሪያ ሺሊንግ ብሔራዊ ባንኩ ያለ ጊዜ ገደብ ይቀይራል። ማርክ ካገኛችሁ ግን፣ ኖትም ይሁን ሳንቲም፣ በአሮጌ ካፖርት ኪስም ቢሆን፣ ወደ ቡንደስባንክ ውሰዱት፤ እስከ ዛሬ በ1.95583 ሂሳብ፣ ያለ ኮሚሽን ዩሮ ይሰጣችኋል።