ግብሩ ይጨምራል፣ ት/ቤቱ ግን ጾሙን ያድራል!

ዳላስና አካባቢው ቤት የገዛ ሐበሻ ኦክቶበር ሲገባ ፊቱ ይጠቁራል። የንብረት ግብር ደብዳቤ የሚመጣው ያኔ ነው። እኔ ደግሞ የሕዝብ ት/ቤት የ3ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝና ቁጣው እኔ ላይ ያርፋል። በማኅበር፣ በልደት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ገንዘባችንን የምትበሉት እናንተ!» እባላለሁ። አንድ የጭነት መኪና የሚነዳ ወዳጃችንማ «የግብሬ ግማሽ ለት/ቤት ነው፤ ታዲያ ልጄ እርሳስ ከቤት ይዞ የሚሄደው ለምንድነው?» ብሎ አፋጠጠኝ።

ጥያቄው ግሩም ነው። አገር ቤት የጣሪያና ግድግዳ የምንለው ዓይነት ግብር እዚህ ት/ቤት ያስተዳድራል። ቴክሳስ ከደመወዝ ላይ የራሱን ግብር ስለማይቆርጥ ሸክሙ ቤት ላይ ወድቋል። «እኔ ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም» የምትሉም አትሳቁ፤ አከራዩ ከኪራዩ ጋር አዳብሎ ይቀበላችኋል።

አሁን ጉዱን ስሙ። የቤታችሁ ግምት ሲያድግ ግብሩ ያድጋል፣ ት/ቤቱ ግን አብሮ አይደልብም። ስቴቱ ለአንድ ተማሪ መነሻ የሚሆን ገንዘብ ቆርጦ ያስቀምጣል። ከሰፈሩ ብዙ ግብር ሲሰበሰብ እሱ ከራሱ ካዝና የሚያወጣውን ይቀንሳል። እናንተ ጨመራችሁ፣ እሱ ቀነሰ፣ ድምሩ ያው! ይህ መነሻ በ2019 6,160 ዶላር ተባለና እስከ 2025 ድረስ ንቅንቅ አላለም። በመሀሉ ኑሮው ሰማይ ነካ። በ2025 ስንት የተጨመረ ይመስላችኋል? 55 ዶላር! (በዚያው ሕግ ለአስተማሪ ደመወዝ ለብቻው የተመደበ ገንዘብ መኖሩን አልክድም።)

እኔ ክፍል ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሕጉ እስከ 4ኛ ክፍል 22 ተማሪ ይላል፤ ት/ቤቶች ግን እያስፈቀዱ ያልፉታል፣ እኔ ጋ 26 ናቸው። ረዳት ነበረችኝ፣ ተቀነሰች። እንግሊዝኛ ገና የሚማሩትን ጥግ ይዛ ታስነብብ የነበረችው እሷ ነበረች። ከነሱ አንዷ የኛው ልጅ ናት። አሁን እኔ ለሌሎቹ ክፍልፋይ ሳስረዳ እሷ በመስኮት ውጪ ውጪውን ታያለች። እረፍት ላይ በአማርኛ እደግምላታለሁ፣ ግን እረፍት ስንት ደቂቃ ናት?

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። እዚሁ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ፣ በ1967/68 የትምህርት ዘመን ድሃው ኤጅዉድ ከ100 ዶላር ግምት ላይ 1.05 ዶላር ግብር እየጣለ ከግዴታ ድርሻው በላይ ለአንድ ልጅ ያገኘው 26 ዶላር ነበር። ሀብታሙ አላሞ ሃይትስ ግን 85 ሳንቲም ብቻ እየጣለ 333 ዶላር አገኘ። ዲሚትሪዮ ሮድሪጌዝ የተባሉ አባት ከሌሎች ወላጆች ጋር ከሰሱ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍ/ቤት በ1973 5 ለ4 ፈረደባቸው። የቴክሳሱ ጠቅላይ ፍ/ቤት ግን በ1989 አሠራሩ የስቴቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል አለ። በ1993 ከባለጸጋ ወረዳ ተወስዶ ለሌላው የሚከፋፈልበት፣ ሰዉ «ሮቢን ሁድ» የሚለው ሕግ ወጣ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የምትኖሩበትን ቤት «ሆምስቴድ» ብላችሁ አስመዝግቡ። ከ2025 ጀምሮ 140,000 ዶላሩ ከት/ቤት ግብር ነፃ ነው፤ ቅጹ በነፃ ይሞላል፣ «ላስሞላላችሁ» ለሚል ሰው አትክፈሉ። ያሳለፋችሁትም ወደኋላ 2 ዓመት ማመልከት ትችላላችሁ። የት/ቤቱን ጉድለት ስቴቱ ይሸፍናል፣ አትሳቀቁ።

ሌላው መቅረት ነው። ቴክሳስ የሚከፍለው በተመዘገበ ልጅ ሳይሆን በየቀኑ ክፍል በተገኘ ልጅ ልክ ነው። ለጥምቀት ብላችሁ ልጁን ለ3 ሳምንት አገር ቤት ስትወስዱ ት/ቤቱ ገንዘብ ያጣል። አትሂዱ አልልም፣ አያቶቹን ማየት አለበት፤ ክረምቱ ግን ምን አጠፋ?

ደግሞም የት/ቤት ቦርዱ በጀቱንና የግብሩን መጠን ከማጽደቁ በፊት በሕዝብ ፊት ስብሰባ ይጠራል። ማንም ተመዝግቦ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል። እኔ ስንት ዓመት ስሄድ የኛን ሰው አላየሁም። ስብሰባው ማታ ነው፣ የመኪና ማቆሚያውም በነፃ!