ራት የማይበሉት የኤቨረት ተማሪዎቼ

ከሲያትል በአይ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ሲነዱ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ በአርባ ደቂቃ ገደማ ኤቨረት ይደረሳል። በምዕራብ ባሕር፣ በምሥራቅ በረዶ የተሸከመው የካስኬድ ተራራ ይታያል። ኤቨረት ድሮ የእንጨትና የወረቀት ከተማ ነበረች፤ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን እንጀራዋ ቦይንግ ነው። ጃምቦ የምንለው 747 ምርቱ እስካበቃበት እስከ 2022 ድረስ የተሠራው እዚህ ነው። አየር መንገዳችን በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ድሪምላይነርም የተገጣጠመው በዚችው ከተማ ነው። አውሮፕላኖቿ ወደ ዓለም ሲበሩ፣ ዓለም ደግሞ ወደ እርሷ መጣ፤ ቬትናሙ፣ ካምቦዲያው፣ ዩክሬኑ፣ እኛም።

እዚህ ከተማ ከመንገድ ሲያዩት ተራ መኖሪያ የሚመስል፣ ውስጡ ግን የካምቦዲያ ስደተኞች የቡድሃ ቤተ መቅደስ የሆነ ቤት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአገራቸው በቅርቡ ለመጡ ወጣት ደቀ መነኮሳት በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በር ላይ ጫማ ማውለቅ እንዳለብኝ ማንም አልነገረኝም፤ ከእናቴ ቤተ ክርስቲያን ይዤው የመጣሁት ነውና። ቢጫ ልብሳቸውም አልደነቀኝም፤ በአገራችን ባሕታዊውም ቢጫ ይለብሳል።

ደቀ መነኩሴው ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሙሉ መነኩሴ አይሆንም። አሥር ትእዛዛት ይጠብቃል፤ ከእኩለ ቀን በኋላ እህል አይቀምስም፣ ወርቅና ብር አይቀበልም፣ ዘፈንና ጭፈራ አያይም። ፓሊ የሚባለውን የጥንት ቋንቋ፣ የእኛ ልጅ ግዕዙን እንደሚያነበንበው፣ ምሥጢሩ ሳይገባው በቃሉ ይይዛል። አገሩ ሳለ በጧት ሳህኑን ይዞ በየደጁ ይቆማል። ይህን ስሰማ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ ፊቴ ድቅን አለ።

መጽሐፋችን ግን ለእነርሱ አልተጻፈም። ሦስተኛው ትምህርት «ትናንት ማታ ራት ምን በላህ?» ይላል። አንዱ ተማሪዬ አሰበና «ምንም» አለ። ሁለተኛውም «ምንም»። አምስተኛው ትምህርት ደግሞ ደመወዝ ይጠይቃል! እኔ «እስኩል» እያልኩ ቃሉን ከፊቱ አስረዝማለሁ፤ እነርሱ የመጨረሻዋን «ስ» እየዋጡ ከኋላው ያሳጥሩታል። እንዲህ እየተሳሳቅን ሰነበትን።

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ አንድ የበዓል ቀን ነው። እዚህ የተወለደ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ለምን ለሐውልት እንደሚሰግዱ ደቀ መነኩሴውን በእንግሊዝኛ ጠየቀው። ወጣቱ መልሱን ያውቀዋል፤ ቋንቋው ግን አልነበረውም። ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ልጁም ወደ ስልኩ ተመለሰ። ሽማግሌው መነኩሴ ይህን አይተው፣ ክመር ሩዥ ከ1975 እስከ 1979 መነኮሳትን ልብሳቸውን አስገፎ ሲገድል ከሞት የተረፈው ትምህርት፣ አሁን በአሜሪካ በዝምታ እንዳይሞት እፈራለሁ አሉኝ። ከዚያ በኋላ የራቱን ምዕራፍ ትተን «ለምን» እና «ስለዚህ» ከሚሉት ቃላት ጀመርን። ወራት ወሰደ። ዛሬ ያ ልጅ ሲጠይቅ፣ ደቀ መነኩሴው በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ይመልስለታል፤ ልጁም ቁጭ ብሎ ይከራከረዋል።

እንግሊዝኛን በበጎ ፈቃድ ማስተማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ኢትዮጵያ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነው አስተምረዋል። ኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር የሆኑት ፖል ሶንጋስ ያስተማሩት ወሊሶ ነበር። በ1977 አገር ሲታወክ ወጡ። ከእኛ መካከል የመጀመሪያውን እንግሊዝኛ ከእነርሱ የተማረ ስንት ነው? ብድር በምድር ነው፤ ለአበዳሪው ባይመለስ ለሌላ ችግረኛ ይመለሳል።

ግን ወገኖቼ፣ ለካምቦዲያው ደቀ መነኩሴ የደረስን ለራሳችን ካህናትስ? ከጎጃምና ከጎንደር ዜማውንና ቅኔውን ጠንቅቀው የመጡ አባቶች አሉን። ሌሊት መኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ አድረው እሑድ ይቀድሳሉ። ልጆቻችን «ለምን እንጾማለን?» ብለው በእንግሊዝኛ ሲጠይቋቸው፣ ያ ሁሉ ዕውቀት ፈገግታና ዝምታ ይሆናል። ልጁም መልስ የለም ብሎ ይሄዳል። የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

እንግሊዝኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከገባ አማርኛው ይጠፋል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ካምቦዲያዎቹ ግን ሁለቱንም ይዘዋል፤ ለመነኩሴው እንግሊዝኛ፣ ለልጆቹ እሑድ የክመር ፊደል። ድልድይ ከሁለቱም ዳርቻ ሲሠራ ነው መሐል ላይ የሚገጥመው።

የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ሰሌዳ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት። እዚህ ኮሌጅ የጨረሰ ወጣት ለአንድ ቄስ እንግሊዝኛ ያስተምር፤ ቄሱም በፋንታው ለወጣቱ ልጆች ሀ ሁ ይቁጠሩላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።