ስም ያልወጣለት ገንዘብ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ከፊቴ 11 መኪና አለ። ጽሑፉ ከረዘመባችሁ እኔን ሳይሆን ሰልፉን ውቀሱ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጆን ግሌን ኤርፖርት ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ጫንኩ። የሚሄዱት ደብሊን ነው፣ የእኛዋ የኦሃዮዋ ደብሊን። ሻንጣቸው ቀይ አቧራ ለብሷል። ከየት እንደሚመጡ ስጠይቅ "ከታንዛኒያ፣ ሳፋሪ ሄደን ነበር" አሉኝ። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ለአስር ቀን ጉዞ ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ለብቻው በተከፈተ ሂሳብ ሲያጠራቅሙ እንደቆዩ ነገሩኝ። ቀጥለው "አንተስ ከየት ነህ?" አሉ። ከኢትዮጵያ፣ ከጎንደር መሆኔን ስነግራቸው ከኋላ ወንበር ጠጋ ብለው "ጎንደር! ሰሜን ተራሮች አጠገብ! እነዚያን ደረታቸው ቀይ የሆነ ዝንጀሮዎች አይተሃቸዋል?" አሉኝ።

"አዎ፣ ብዙ ጊዜ" አልኩ።

ዋሸሁ። ጭላዳን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እኔ ገና አልተወለድኩም። ከዚያ ወዲህ ፈረንጁ ሁሉ በከተማችን አልፎ ሲሄድ እያየሁ አደግሁ፤ አንድ ቀን ግን ተከትዬ አልሄድኩም። ዋልያንም የማውቀው በብሔራዊ ቡድናችን ስም ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንግዲህ ይኼው ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አልጽፍም ነበር። የዚያኑ ቀን ማታ ቤት ስገባ የአስር ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት ጋር ፓወል ያለው የኮሎምበስ መካነ አራዊት ሄዳ ውላለች። ለቀጭኔ ቅጠል በእጇ አብልታ ደስታዋ ሌላ ነው። እራት ላይ "አባዬ፣ ኢትዮጵያም እንስሳ አለ አይደል? ታዲያ ስንሄድ ለምንድነው ሁልጊዜ ሶፋ ላይ የምንቀመጠው?" አለችኝ። ቀጥላም "በዚህ ክረምት እናንተ ሂዱ፣ እኔ አክስቴ ጋር ልቆይ" አለች።

እናንተ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ይህን ስትሰማ ጉሮሮህ ላይ የሚቀር ነገር አለ። እናቴ አርጅታለች። ከልጄ ጋር የሚያገናኛት ያ ጉዞ ብቻ ነው። ልጄ "አልሄድም" ካለች፣ ሁለቱ የሚተዋወቁት በስልክ መስታወት ብቻ ሊሆን ነው።

ባለቤቴ ስትተኛ ከሁለት ዓመት በፊት የሄድንበትን ደብተር አወጣሁ። ለአራት ሰው፣ ለአራት ሳምንት ነው። እነሆ ሳልደብቅ፦

ትኬት 7,200 ዶላር። (ያውም እስከ ዋሽንግተን ዳላስ ኤርፖርት ስድስት ሰዓት ገደማ ነድተን።)
ስጦታ 2,300። በሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ስምንት ሻንጣ። የእኛ ልብስ የነበረው በሁለቱ ብቻ ነው።
በእጅ የተሰጠ 3,500።
ቤት፣ ምግብና መኪና 1,900።

ድምሩ 14,900። በዚህ ላይ ታክሲ ነጂ የዓመት ፈቃድ የሚባል ነገር የለውም። አራት ሳምንት ካልነዳሁ አራት ሳምንት ገቢ የለም፤ ኢንሹራንሱና የቤት ኪራዩ ግን አያርፉም። ከ14,900ው ውስጥ "ለልጆች መዝናኛ" ተብሎ የተጻፈውን ፈለግሁ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አንድ ምሳ፤ 60 ዶላር።

እንዳትሳሳቱብኝ፣ ለወገን የሰጠሁት አይቆጨኝም። ግን እውነቱን እንነጋገር። ከ3,500ው ውስጥ ለችግር የሰጠሁትና "አሜሪካ ኖሮ ባዶ እጁን መጣ" እንዳልባል ብዬ የሰጠሁት እኩል አይደለም። ሁለተኛውን ከፍርሃቴ ነው የከፈልኩት።

አንድ ወዳጄ "ታዲያ እንደ ፈረንጁ ኬንያ ውሰዳቸው" አለኝ። አስቤዋለሁ፣ ሂሳቡንም ሠርቻለሁ። ማሳይ ማራ ለውጭ ሰው መግቢያው ከጥር እስከ ሰኔ ለአዋቂ በቀን 100 ዶላር ነው፤ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 200 ይሆናል (ወሮቹ በፈረንጅ ናቸው)። ለእኔና ለባለቤቴ ለሦስት ቀን ብቻ በርካሹ ወቅት 600፣ በውዱ 1,200 ማለት ነው። የልጆቹ መግቢያ፣ መኪናው፣ ሎጁ ገና አልተነካም። ትምህርት የሚዘጋው ደግሞ በውዱ ወቅት ነው። ታንዛኒያ ለአሜሪካ ፓስፖርት ቪዛው ብቻ 100 ዶላር ነው። የሩዋንዳ ጎሪላማ ፈቃዱ ለአንድ ሰው 1,500 ነው፤ እሱን ለባለ ቤተ መንግሥቱ ትተነዋል።

መሄድ ለምትፈልጉ አንድ ምክር፦ አዲስ አበባ ሰንብታችሁ ወደ ታንዛኒያ የምትሻገሩ ከሆነ ቢጫ ካርድ ያዙ። የትውልደ ኢትዮጵያዊውን ማለቴ አይደለም፣ የቢጫ ወባ ክትባቱን ነው። ያኛው ቦሌ ያስገባችኋል እንጂ ኪሊማንጃሮ ላይ ማንም አያውቀውም።

ቀጥዬ የአገር ቤቱን አሰብኩ። ልቤ ያለው ሰሜን ነው፣ ነገር ግን የክልላችንን ሁኔታ ታውቃላችሁ፤ ልጆች ይዤ በዚያ መንገድ አልወጣም። ሰላም ሲወርድ የመጀመሪያው ጉዞዬ ደባርቅ ነው፤ ቃሌን እዚህ ጽፌላችኋለሁ። ባሌ ቀይ ቀበሮ አለ፣ ሳነቴም ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ግን በክረምት ዝናቡና ጉሙ አያሳይም። የቀረው አርባ ምንጭ ሆነ። እዚያ ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፤ ሐምሌ እንደ ደጋው አይከፋም። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ አዞና ጉማሬ፣ ነጭ ሳር ፓርክ የሜዳ አህያ፣ ከላይ ዶርዜ። ከአዲስ አበባ አውሮፕላን አለ። ከአሜሪካ የመጣችሁት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡ ትኬት ይቀንስላችኋል። የፓርክ መግቢያ ለአገሬውና ለውጭ ዜጋ ይለያያልና ቀድማችሁ ጠይቁ። ደግሞ በ2016 ሐምሌ ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ ዶላራችን የበረከተ ይመስለናል፤ ዋጋውም አብሮ ስለወጣ የድሮውን ሂሳብ ይዛችሁ አትሂዱ።

ለሦስት ሌሊት፣ እናቴን ጨምሮ ለአምስት ሰው፣ 2,000 ዶላር መደብኩ። ከየት? ከሾፌሮች እቁባችን። 20 ነን፣ በሳምንት መቶ መቶ እንጥላለን። ዳኛውን ለምኜ ዕጣዬን ግንቦት ላይ አደረገልኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ለማሰር ሳይሆን ሄደን ለማየት ነው። ያቺ ብር ደግሞ ስም ወጥቶላታል፤ ደብተሩ ላይ የልጄን ስም ጽፌባታለሁ። ከእነዚያ አስተማሪ የተማርኩት ይህንን ነው። እሳቸው ከእኔ የበለጠ ሀብታም ስለሆኑ አይደለም የሄዱት፤ ገንዘቡን ከመነሻው ለይተው ስላስቀመጡት ነው። ስም ያልወጣለት ገንዘብ የጠየቀው ሁሉ ይወስደዋል፤ እኛም ጨክነን "የለም" ማለት አንችልበትም። ስም ካለው ግን "የልጅ ነው" ብትል አገር ይረዳሃል።

ትናንት ለእናቴ ደወልኩ። "እማዬ፣ አዲስ አበባ ስትመጪ አርባ ምንጭ አብረን እንሂድ" አልኳት።

"ምን ልናደርግ? ዘመድ አለን እንዴ እዚያ?"

"አዞ ልናይ ነው።"

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። "ለአዞ ደግሞ ብር ይከፈላል?" አለች። ትንሽ ቆይታ "ልጅቱ ናት ያለችው?" ስትል አዎ አልኳት። "እንግዲያው እሺ። እኔ ግን ከጀልባው አልወርድም።"

ይህን ለልጄ ስነግራት ሳቀች። "አያቴ አጠገብ ነው የምቀመጠው" አለች። አክስቷ ጋር ስለመቆየት ደግማ አላነሳችም።

አሁን ከፊቴ ሁለት መኪና ብቻ ቀርቷል። እስኪ እናንተም ደብተራችሁን አውጡና ለልጆቻችሁ የጻፋችሁትን መስመር ፈልጉ። ስንት እንደሆነ አታፍሩ፣ ጻፉልኝ። ከእኔ 60 አያንስም።