የእናቴ ሚዛን

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንድን ትልቅ ሱፐርማርኬት «ጥሩ ነው» ስትሉ በምን ለክታችሁ ነው? በመብራቱ? በወለሉ ጽዳት? በሚገፋው ጋሪ? ወይስ የመደብሩ ስም የተጻፈበትን ከረጢት ይዛችሁ ስትወጡ ሰው በሚያያችሁ ዓይን? እውነቱን ልናገርና የእኔ መለኪያ ለብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነበር። ሌላ መለኪያ እንዳለ ያሳየችኝ እናቴ ናት። ያሳየችኝም እኔ ባሳዘንኳት ቀን ነው።

ያደግሁት ሰቆጣ ነው። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በገበያ ቀን ከደጋው ገብስና ባቄላ፣ ከቆላው ማሽላ፣ ከአበርገሌ ፍየል፣ ከየአቅጣጫው ደግሞ ማር ይገባል። በአንዱ ጥግ ኽምጣና፣ በሌላው አማርኛ ይሰማል፤ ክርክሩ ግን አንድ ነው። «ሙዪው!» ይላል ገዢ። «ሞልቷል!» ትላለች ሻጭ። «እንግዲያው መርቂልኝ!» ይላል እንደገና። ለከተማ ልጆች ልንገራችሁ፤ መመረቅ ማለት መስፈሪያው ከሞላ በኋላ ከላይ አንድ እፍኝ ጣል ማድረግ ነው። ያልመረቀች ሻጭ ሰረቀች አይባልም። ነገር ግን በሚቀጥለው ገበያ ሰው አልፏት ወደ ጎረቤቷ ይሄዳል።

ሰቆጣ ድሮ ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚገበይባት ትልቅ ገበያ ነበረች። አሞሌ እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ዘመን ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይወርድ ነበር። ስለዚህ ሻጩም ገዢውም በእጁ እያገላበጠ ሳያይ አይቀበልም። እናቴ ያን ዘመን አልደረሰችበትም። እጇ ግን የዚያ ገበያ እጅ ነው።

እናቴ ከገበሬ ማር ተቀብላ ትሸጣለች። ማር ሲመጣላት ቀድማ የምታየው ማሩን አይደለም፤ ሰውየውን ነው። «ቀፎህ የት ነው? መቼ ቆረጥከው?» ትለዋለች። ቀጥላ ታሸተዋለች፤ ሲቆረጥ ጭስ የበዛበት ማር በሽታው ይታወቃል። ሰፈፉንና እጩን ታያለች። የምትቀምሰው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። የአገራችን ነጭ ማር ቶሎ ይረጋል፤ እንደ ቅቤ ይሆናል። ይህ የማሩ ተፈጥሮ ነው፤ በውስጡ ያለው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ደቃቅ ፍሬ እየሠራ ስለሚሄድ ነው። ብዙ የከተማ ሰው ግን «ስኳር ተቀላቅሎበታል» ብሎ ይሸሸዋል። ለዚህ ነው አንዳንድ ነጋዴ ማሩን አሙቆ ቀጭን አድርጎ የሚያቀርበው። ሲሞቅ መዓዛው ይሄዳል፤ መልኩ ግን ለመደርደሪያ ያምራል።

አምና እናቴ ለዓይኗ ሕክምና አዲስ አበባ መጣች። አንድ ዓይኗ ታሽጎ፣ ሌላውም ጥቃቅን ነገር አላይ ብሏት እኔ ዘንድ ሰነበተች። እኔ በአንድ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ልጇ ምን ዓይነት ኑሮ እንደምትኖር እንድታይልኝ ብዬ በከተማው ከታወቁት ሱፐርማርኬቶች ወደ አንዱ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። ጉዳዬ ከመደብሩ ጋር ሳይሆን ከመለኪያችን ጋር ነውና እናንተም ለመገመት አትድከሙ።

እንደምትደነቅ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ሥራዋን ጀመረች። «ዋጋው ተጽፏል?» አለችኝ።

«አዎ፣ እያንዳንዱ ላይ።»

«ለሁሉም ሰው አንድ ነው? ለባለሥልጣኑም ለእኔም?»

«አንድ ነው።»

«ይህስ መልካም ነው» አለች። በእኛ ገበያ ዋጋ የሚጠራው የሰውየው ጫማ ታይቶ እንደሆነ ታውቃለች። የወተቱን ማቀዝቀዣ ከፍታ እጇን ውስጥ አስገባች፤ ቅዝቃዜው ከላይም ከታችም እኩል መሆኑን ዳስሳ ወደደችው። ዕቃው የሚያበቃበት ቀን መጻፉን ስነግራት ደግሞ «እኛም ማሩ ላይ ብንጽፍ ኖሮ!» አለች። ይህን የምነግራችሁ እናቴ የከተማውን ነገር ሁሉ የምትነቅፍ እንዳይመስላችሁ ነው። ጥሩውን ጥሩ ብላለች።

ማሩ ጋ ስንደርስ አንድ ብልቃጥ አንሥታ ወደ ብርሃን አዞረችው። ቀጭን ነው፤ ይፈሳል። ዋጋው እሷ ከምትሸጥበት ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። በአጠገባችን የቆመችውን ሠራተኛ «ልጄ፣ ይሄ የየት አገር ማር ነው?» አለቻት።

ልጅቷ ጽሑፉን አነበበችና በትሕትና «የኢትዮጵያ ይላል፣ እማማ» አለች።

«ኢትዮጵያማ አውቃለሁ። የየት ቀበሌ?»

ልጅቷ ሳቀች፤ እናቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ዞር ዞር ብዬ ሰው እንዳያየን እመለከት ነበር።

ከዚያ ምስር ክክ ጋ ደረስን። መደብሩ ራሱ በፌስታል አሽጎ «1 ኪሎ» የሚል ወረቀት የለጠፈበት ነው። እናቴ አንዱን በመዳፏ ከፍ ዝቅ አደረገችው። ሌላ አነሣች። «ይሄ ኪሎ አይሞላም» አለች። የአትክልቱ ሚዛን ከእኛ አምስት እርምጃ ላይ ነበር። «ውሰጂና አስመዝኚው።»

በዚያች ሰዓት አብራኝ የምታገለግል ጓደኛዬ ከኋላችን ጋሪዋን እየገፋች ስትመጣ አየኋት። የእናቴ ነጠላ፣ የታሸገው ዓይኗ፣ ድምፅዋ፣ በእጇ የያዘችው ምስር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከበደኝ። «እማ፣ ተይ በቃ። አታሳፍሪኝ» አልኳት።

እናቴ አልመለሰችልኝም። ምስሩን ጋሪው ውስጥ አስቀመጠች። እስከ ቤት ድረስ የተናገረችው «ታክሲው ስንት ነው?» ብቻ ነበር።

ማታ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ኬክ ስትጋግር የምትጠቀምበትን ሚዛን አውጥቼ ምስሩን ጫንኩት። ከነፌስታሉ 940 ግራም አለ። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። «ስንት ይላል?» አለችኝ። ቁጥሩን ማየት አትችልም። «ሞልቷል» ብላት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ እኔም ቀን የተናገርኩት ትክክል ሆኖ ይቀር ነበር። ይህ ሐሳብ እንዳልመጣብኝ አድርጌ ብጽፍላችሁ ደግሞ እኔም «1 ኪሎ» ብሎ ከሚለጥፈው አልሻልም።

«ስልሳ ግራም ይጎድላል፣ እማ» አልኳት።

ያን ጊዜ ስለ 77ቱ ነገረችኝ። እኔ 77ን የማውቀው እንደ እናንተ ከፎቶግራፍና ከመጽሐፍ ነው። ዋግ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዱ እንደነበር አውቃለሁ፤ የእናቴን ቤት ግን ጠይቄ አላውቅም። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። አያቴ የቀረቻቸውን አንዲት ፍየል ሸጠው ማሽላ ገዙ። የነጋዴው ጣሳ ታቹ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ነበር። አያቴ አይተውታል፤ ግን ከኋላቸው ሰልፍ አለ፣ ሰውየው ይቆጣል፣ ደግሞም አፈሩ። ዝም ብለው ተቀበሉ። «ቤት ገብተን ስንሰፍረው አንድ እራት ጎደለን» አለች እናቴ። «እናቴ እስክትሞት ድረስ የምትቆጨው በነጋዴው አይደለም። ለምን ዝም አልኩ እያለች ነው።»

ከዚያ ወዲህ የሱፐርማርኬት ነገር ሲነሣ የማስበው በሌላ መንገድ ሆኗል። የተወደደ ዕቃ የሚሸጥ ቤት ሚዛኑ አይጎድልም ብላችሁ ታስቡ ይሆን? በአሜሪካ ሆል ፉድስ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በቴክሳስ ኦስቲን የተጀመረ፣ በጥራቱም በውድነቱም የታወቀ የምግብ መደብር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኒውዮርክ ከተማ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በከተማው ካሉት የመደብሩ ቅርንጫፎች አስቀድመው የታሸጉ 80 ዓይነት ምግቦችን መዘነ። በ80ዎቹም ዓይነቶች ክብደቱ በስሕተት የተጻፈ ተገኘ። የኩባንያው መሪዎች በአደባባይ ስሕተቱን አመኑ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም 500,000 ዶላር ከፍለው ጉዳዩን በስምምነት ዘጉ። ያንን ሁሉ ያወጣው ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማየት ነው። እናቴ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ እንዳደርገው የጠየቀችኝም ይህንኑ ነበር።

ቅርብ ወዳለው እንምጣ። በኬንያ አርማው ዝሆን የሆነ ናኩማት የሚባል ሱፐርማርኬት ነበር። በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በሩዋንዳ ከ60 በላይ ቅርንጫፎች ነበሩት። ገዢው የሚያየው የሞላ መደርደሪያ ነው። ከመደርደሪያው ኋላ ግን ዕቃ ላመጡለት አቅራቢዎች ያልተከፈለ ዕዳ ይከመር ነበር። አቅራቢዎቹ ማምጣት ሲያቆሙ እ.ኤ.አ. በ2017 መደርደሪያዎቹ ባዷቸውን ቀሩ፤ በ2020 መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ጠያቂዎቹ ተሰብስበው ድርጅቱ እንዲፈርስ ወሰኑ። እናቴ ስለ ናኩማት ሰምታ አታውቅም። ነገር ግን ብልቃጡን ይዛ «የየት ቀበሌ?» ስትል የምትጠይቀው ይህንኑ ይመስለኛል። ይህን ማር የቆረጠው ሰው ማነው? ከዚህ ሦስት እጥፍ ዋጋ ለእሱ ስንቱ ደረሰው? ወይስ ስሙም ድርሻውም መንገድ ላይ ቀረ?

በአገራችን የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ዝግ ሆኖ ብዙ ዘመን ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ተከፍቷል። ዛሬ ሸዋ፣ ፋንቱ እያልን የምናነጻጽር ሰዎች ነገ ሌሎች ስሞችም ይጨመሩልን ይሆናል። ያኔ በምን ትለኩ ይሆን? የእናቴን መለኪያ ላካፍላችሁ። ዋጋው ለሁሉም አንድ ይሁን። ቅዝቃዜው መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ይታይ። የተጻፈው ክብደት ሚዛን ላይ ይድገም። የዕቃው ስም ከዕቃው ጋር ይስማማ። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ከሆነ፣ ባማረው ቅርንጫፍ ሳይሆን ከከተማው ዳር ባለው ትንሹ ይፈረድ። ደግሞም አንድ ነጠላ የለበሰች እናት «መዝኑልኝ» ስትል ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳዩአት ይታይ። ከእናንተ መካከል ነገ ገንዘብ ተቀባይ፣ አሻጊ ወይም ሥራ አስኪያጅ የምትሆኑ አላችሁ። በዚያ በኩል ስትቆሙም መለኪያው ያው ነው።

እኔ በሳምንቱ ምስሩንና ደረሰኙን ይዤ ተመለስኩ። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። በፊቴ መዘነው። ከመደርደሪያውም ሌሎች አሥር ያህል አስመጥቶ መዘነ፤ አራቱ ጎድለው ተገኙ። ለኔ የሞላ ቀየረልኝ፤ የቀሩትንም እንደገና ይመዘኑ ብሎ ወደ ውስጥ አስገባቸው። ይቅርታም ጠየቀ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ያ መደብር በእኔ ዘንድ ከቀድሞው ይልቅ ከፍ አለ፤ ሲነገረው የሚሰማ ቤት ብዙ አይደለምና።

እናቴ ያኔ ሰቆጣ ተመልሳ ነበር። ደውዬ ነገርኳት። ጎሽ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ጥቂት ዝም ብላ «ቀድመው ገዝተው ለወሰዱትስ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ሥራ አስኪያጁን ይህን አለመጠየቄ ትዝ ይለኛል። የእኔ ኪሎ ሲሞላ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ስልኩን ሳልዘጋ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጉሮሮዬ የቆመውን አወጣሁት። «እማ፣ ያን ቀን አታሳፍሪኝ ያልኩሽን...» ብዬ ጀመርኩ። በስልኩ ውስጥ የገበያው ጫጫታ ይሰማል፤ አንዲት ሴት አጠገቧ ሆና በኽምጣና ትከራከራለች። እናቴ አላስጨረሰችኝም።

«ተይው» አለችኝ። «መርቄልሻለሁ።»